በየካቲት ምን እንጠይቅ? በደብረ ኤልያስ ለወጣቶች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው። ለጨዋታ ብሎ ሰው ከሥራው ይጠራል ወይ የምትሉ አዛውንት እንዳላችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ቁም ነገሩ እየመጣ ነው።

ከዚህ አካባቢ ወጥተው በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የተማሩ ልጆች ዛሬ ከቤታቸው ሳይወጡ ለሩቅ ሀገር ድርጅት ይሠራሉ። አንዱ ሒሳብ ይይዛል፤ አንዷ ሶፍትዌር ትጽፋለች፤ ሌላው ይተረጉማል፤ ሌላዋ የደንበኛ አቤቱታ ትቀበላለች። አለቃው አትላንታ፣ የቅርብ ባልደረባው ሌጎስ ወይም ኪንግስተን ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ይነጋገራሉ፤ አንድ ላይ ቡና ጠጥተው ግን አያውቁም። ጥር ወደ ማለቂያው ሲሄድ ከመሥሪያ ቤቱ መልእክት ይደርሳል፦ የጥቁሮች ታሪክ ወር ስለገባ ዓርብ የጥያቄና መልስ ውድድር አለን፣ ሁላችሁም ተገኙ። የእኛ ልጅ ይገባል፤ ካሜራውን ያጠፋል፤ ስለ ሮዛ ፓርክስና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይጠየቃል፤ ከትምህርት ቤት የቀረችውን እያስታወሰ ይመልሳል፤ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ይወጣና መስኮቱን ይዘጋል። የሌላ ሰው በዓል ያከበረ ይመስለዋል።

የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። በዚያ ውድድር ላይ የእኛ ልጅ መላሽ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ጥያቄ ማውጣት አለበት። ጥያቄ የሚያወጣው ሰው ነው የትኛው ታሪክ እንዲታወስ የሚወስነው። እኛ ደግሞ የምናወጣው ጥያቄ ሞልቶናል።

አስቀድሜ ወሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። የፈረንጆቹን ዘመን ስጠራ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ ካላልሁ የእኛው ነው። ወሩን ያስጀመረው ካርተር ዉድሰን ይባላል። እናት አባቱ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1875 ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ፤ በወጣትነቱ የድንጋይ ከሰል ቆፈረ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባው ሃያ ዓመት ሲሞላው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ግን ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1926 ከፌብሩዋሪ ወር አንድ ሳምንት ለጥቁር ሕዝብ ታሪክ እንዲውል አደረገ። ፌብሩዋሪን የመረጠው አብርሃም ሊንከን በ12ኛው፣ ፍሬድሪክ ዳግላስ ደግሞ በ14ኛው ቀን ልደታቸው ስለሚከበር ነው። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር፤ በባርነት ለተወለደ ልጅ ማን ቀን ይጽፍለታል? 14ኛውን ቀን ለራሱ መርጦ ያዘ። ልደቱን የማያውቅ ሰው በእኛ ሀገር ብርቅ አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ከዳግላስ ጋር አንድ አይደለም። ሳምንቱ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ለወሩ ሙሉ ዕውቅና ሰጡት። እንግሊዞች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያከብሩት በኦክቶበር ነው፤ ስለዚህ የለንደን ባልደረባ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይዘጋጃል።

አሁን የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። ፌብሩዋሪ 1 አብዛኛውን ጊዜ ጥር 24 ላይ ይውላል። 28ኛው ቀን የካቲት 21 ነው። የጥቁሮች ታሪክ ወር ባለቀ በሁለተኛው ቀን የካቲት 23 ይመጣል ማለት ነው፤ አድዋ። ጥቁር ሕዝብ በዘመናዊ ጦር የመጣበትን የአውሮፓ ወራሪ በአንድ ቀን ውጊያ የሰበረበት ዕለት ከወሩ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዉድሰን ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ነገር ግን ለእናንተ ተመችቷል። መሥሪያ ቤታችሁ ውድድሩን አራት ሳምንት የሚያካሂድ ከሆነ የመጨረሻው ዙር በማርች 2 እንዲሆን ጠይቁ። ይህ ቀን በሀገራችን የሥራ ቀን አለመሆኑንም አያይዛችሁ ንገሯቸው፤ ያከብሩላችኋል።

በወሩ ውስጥ የሚውል ሌላም ቀን አለን። የካቲት 12 አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ 19 ይውላል። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ዕለት በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን ያደረጉትን ጭፍጨፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ቀን ጨዋታ የለም። ውድድሩ በዚያ ዕለት ከተያዘባችሁ ለባልደረቦቻችሁ ምክንያቱን ንገሩና ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ። ስንት ሰው ተገደለ የሚል ጥያቄም አታውጡ፤ ሰው ሲገደል የቁጥር ግምት አይወዳደሩበትም።

ስለ ጨዋታው ራሱ ደግሞ እናንተን ማስተማር አያስፈልገኝም። አያቶቻችሁ እሳት ዳር ሆነው «እንቆቅልህ» ሲሏችሁ «ምን አውቅልህ» እያላችሁ አድጋችኋል። መልሱ ሲጠፋ ምን ይባላል? «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ያላወቀው ሀገር ይሰጣል፤ ያወቀው የተሰጠውን ሀገር ተቀብሎ እዚያ ገብቶ የሆነውን እየዘረዘረ በተሸነፈው ላይ ሲያስቅ ያመሻል። በሌላው ዓለም ውድድር ያልመለሰ ሰው ነጥብ አያገኝም፤ በዚያው ይቀራል። በእኛ ጨዋታ ላይ ግን መሸነፍም ወሬ ይወልዳል።

ይህን ልማድ ወደ ርቀት ሥራው ውድድር ውሰዱት። ያልመለሰው ቡድን ሀገር ይስጥ። ሄይቲን ይስጥ፣ ጋናን ይስጥ፣ ላይቤሪያን ይስጥ፣ ባርቤዶስን ይስጥ። የተቀበለው ቡድን ስለዚያ ሀገር የሚያውቀውን አንድ እውነተኛ ነገር መናገር አለበት፤ ካልቻለ ሀገሩ ይመለሳል። ሄይቲን የተቀበለ ሰው አልፍሬድ ኔሙርን ሊያነሣ ይችላል፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የሄይቲ መልእክተኛ ሆኖ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ፣ የኢትዮጵያ ዕጣ ነገ የሌላው ዕጣ እንደሚሆን ታላላቆቹን መንግሥታት ያስጠነቀቀ ሰው ነው። ጋናን የተቀበለ ንክሩማህን ያነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲያልፍ ለንደን መንገድ ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያውጅ የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ የተሰማውን በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። በዚህ ጨዋታ አንድ ሰዓት የተጫወተ ሰው ባልደረባው ከየት እንደመጣ በሁለት ዓመት ስብሰባ ካወቀው በላይ ያውቃል።

ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ሀብቱ ያለው እዚህ ነው።

ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማነው? ዶክተር መላኩ በያን ነው። ወሎ ተወልዶ፣ ወደ አሜሪካ ተልኮ፣ በመጨረሻ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በዚያ ዘመን ከእኛ መኳንንት መካከል «እኛ እንደ እነሱ ጥቁር አይደለንም» የሚል ሰው አልጠፋም ነበር፤ መላኩ ግን የኢትዮጵያና የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ጉዳይ አንድ ነው ብሎ በትዳሩም በሥራውም አሳየ። ጦርነቱ ሲመጣ ሀገሩ ገብቶ በሐኪምነት አገለገለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተላከ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣም ይታተም ጀመር። ሃርለም ያሉ ሰዎች ከሳምንት ደመወዛቸው ሳንቲም እየቀነሱ ለማያውቋት ሀገር አዋጡ። መላኩ እ.ኤ.አ. በሜይ 1940፣ አዲስ አበባ ነፃ ሳትወጣ አንድ ዓመት ሲቀር፣ በአርባ ዓመት ዕድሜው እዚያው ኒውዮርክ አረፈ። ይህን ሰው ከዚህ አዳራሽ ስንቱ ያውቀዋል? ኒውዮርክ ያለው ባልደረባችሁስ? ከሁለት ወገን የተረሳ ሰው ለጥያቄ የተሰጠ ነው፤ ሁለታችሁም እኩል ትጀምራላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚሁ ይቀጥላል። መላኩ በያን መልምሎ ወደ ኢትዮጵያ ያስመጣው፣ ጦርነቱ ሲጀመር የአየር ኃይላችንን የመራው ጥቁር አሜሪካዊ ማነው? ጆን ሮቢንሰን ነው፤ ያደገው ሚሲሲፒ፣ አብራሪ የሆነው ቺካጎ። ቺካጎ የነበረው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አልቀበልም ሲለው እዚያው የጽዳት ሥራ ይዞ ከክፍል ውጭ እያዳመጠ እንደጀመረ ይነገራል። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እዚያ ነበር። መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች በግንባሮቹና በአዲስ አበባ መካከል መልእክት እያደረሰ ጦርነቱን አሳለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ሲመለስ ቺካጎ በታላቅ ሆታ ተቀበለችው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የእኛን አብራሪዎች አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አጽሙ ጉለሌ ነው። የቺካጎ ባልደረባ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ ሲገባ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መቃብር ሊዛመዱ ነው።

ሮቢንሰንን ስታነሡ ሌላውን አብራሪ አትርሱ፤ ሳቅም ያስፈልጋል። የሃርለም ጥቁር ንስር እየተባለ ይጠራ የነበረው የትሪኒዳዱ ሁበርት ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1930፣ ከዘውድ በዓሉ በፊት፣ ከጃንሆይ አውሮፕላኖች አንዷን ሳይፈቀድለት አስነሥቶ ከዛፍ ላይ ሰቀላት። ከሀገር ተባረረ። የሮቢንሰንን ዝና ከዚህ ሰው ዝና ጋር የሚያምታቱ ጽሑፎች አሉ፤ ስለዚህ «ከሁለቱ አውሮፕላን የሰበረው የቱ ነው?» የሚለው ጥሩ የማሟሟቂያ ጥያቄ ይሆናል።

የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ብሎ የሚጠራ ነበር። የመዝሙሩ ዋና ደራሲ የት ሞተ? መልሱ አዲስ አበባ ነው። አርኖልድ ፎርድ ባርቤዶስ ተወልዶ፣ ኒውዮርክ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 መጥቶ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት በ1935 እዚህ አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ አልተመለሰችም። ወረራውን አሳልፋ አዲስ አበባ ውስጥ ልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፤ ወንድና ሴት አብረው ያደሩበትና የተማሩበት ቤት ነበር። ባርቤዶስ ላይ ባልደረባ ያለው ይህን ይጠይቅ።

ስለ ስፖርትም አንድ ልጨምር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው በየትኛው በዓል ዋዜማ ነበር? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10፣ 1960 ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። የአክሱም ሐውልት በዚያን ጊዜ ሮም ውስጥ በውድድሩ መንገድ አቅራቢያ ቆሞ እንደነበር ሲሰማ ዝም የማይል ባልደረባ አላየሁም። ቡጢ ለሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1935 ጥቁሩ ጆ ልዊስ ግዙፉን ኢጣሊያዊ ፕሪሞ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ በስድስተኛው ዙር ሲጥል ተመልካቹ ግጥሚያውን የየትኞቹ ሀገሮች ፍልሚያ አድርጎ እንዳየው ጠይቁ። ሙዚቃ ለሚወድ ከጅማው ሙላቱ አስታጥቄ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ላይ የተገናኘው የጃዝ ሊቅ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ዱክ ኤሊንግተን ነው። የቦብ ማርሊ «ዋር» የተሰኘው ዘፈን ግጥም ከየት እንደተወሰደም ጠይቁ፤ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። የጃማይካ ባልደረባችሁ ይህንኛውን ያውቃል፤ ነጥቡን ይውሰድ፤ እናንተ ያላወቃችሁት ከሆነ ሀገር ስጡት።

ማንዴላም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 ለተደረገ ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲበር አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ለአፍታ ደነገጠ፤ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር ይችላል ወይ ብሎ። ወዲያው ራሱን ታዘበ። ይህን በመጽሐፉ የጻፈው ራሱ ነው። ያን ያህል ታጋይ የነበረ ሰው አፓርታይድ በልቡ ውስጥ የተከለውን ያየው በእኛ አየር ላይ ነው። እኔ ከማውቃቸው የየካቲት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ ደጅ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ እዚህ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ፋሺስትን ተዋግተው ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ለዓመታት ታስረዋል፤ ከተፈቱ በኋላም ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያ ዲፕሎማት ሆነው ሠርተዋል። ከዚህ የአብነት ትምህርት ቤት ተነሥቶ፣ በፋሺስት እስር ቤት አልፎ፣ ጥቁርና ነጭ በተለያየ ወንበር በሚቀመጥበት ዘመን ዋሽንግተን የደረሰ ሰው! ልቦለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ ባልደረባችሁ ይህን መንገድ ግን ይረዳዋል። በአድዋም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነሠራዊታቸው ነበሩ፤ በቢቸና በኩል አርበኛውን በላይ ዘለቀን የማያውቅ የለም። እነዚህን አውጡ።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። በጥቁሮች ታሪክ ውድድር ላይ አድዋን፣ አበበንና አየር መንገዱን ብቻ ይዘን ከገባን ጉራ ነው የያዝነው። ከዚህ ብዙም በማይርቀው በባሶ፣ በየጁቤ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከከፋ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይመጣበት ነበር። ሰውም ይመጣበት ነበር፤ ይሸጥበትም ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ይነዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው የገባችው፤ ሙሶሊኒ በኋላ ይህን ጉዳይ ለወረራው ሰበብ አደረገው፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም.፣ ከነፃነት በኋላ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተጫኑባቸው ባልደረቦች ፊት ስንቀርብ ይህን ገበያ ሳንጠቅስ ነፃነታችንን ብቻ ብናወራ ትዕግሥታቸውን እንፈትናለን። ይህ ጥያቄ ለነጥብ አይቀርብም። ውድድሩ ሲያልቅ፣ ሙዚቃው ሲጠፋ፣ ቆጣሪ ሰዓት ሳይኖር ይነሣ። ሀገራችንን ያሳንሳል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔ አልስማማም። ስለ ራሱ ሀገር ገበያ የሚጠይቅ ሰው ስለ ሌላው ሀገር መርከብ ለመጠየቅ አፉ ይፈታል።

አወጣጡን በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ በቅኔ ቤት የኖራችሁ ቶሎ ይገባችኋል። ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ መወድስ አይጫንበትም። ጥያቄም እንደዚያው ነው፤ ሁሉም የሚመልሰው ቀላል ይቀድማል፣ እየከበደ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ቡድኑን ሁሉ ያከራክራል። ጥያቄዎቹን በሙሉ ከባድ ያደረገ አዘጋጅ ዕውቀቱን ያሳይ ይሆናል፤ ሰዎቹ ግን በሚቀጥለው ዓርብ አይመጡም።

ሁለተኛ፣ ክርክር ያለበትን ነገር እርግጠኛ አስመስላችሁ አታቅርቡ። የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከየት ነበር? እኛ ከወደ እኛ ነው እያልን አድገናል፤ በዘመናችን የተነሡ ተመራማሪዎች ደግሞ በካሜሩንና በቻድ ድንበር ያለውን ሎጎን ይጠቁማሉ። የካሜሩን ባልደረባችሁን በአራት ምርጫ አትጣሉት፤ አንድ ላይ ተከራከሩበት። በሃርለም ስላለው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1808 ጥቁሮች ለብቻ አንቀመጥም ብለው ወጥተው መመሥረታቸው የታወቀ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ የሚለው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ነው። ትውፊትን ትውፊት ብላችሁ ጠይቁ፤ ክብሩ አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ ዘመንና ሰዓት። «አድዋ መቼ ነበር?» ተብሎ ተጠይቆ 1888 ብሎ የመለሰ የእኛ ሰው ተሳስተሃል ይባላል፤ ዘመኑን ሁለቱንም ጻፉ። ሰዓቱም ያደናግራል። በፌብሩዋሪ ዋሽንግተን ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከረፋዱ 11 ሲል እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ነው። «በ1 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ ብቻ የላካችሁ ቀን ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ።

ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባችሁን «ይህንማ አንተ ታውቀዋለህ» አትበሉት። ለሕዝቡ ሁሉ ተጠሪ አይደለም። እናንተ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ሩጫና ስለ ረሀብ በየስብሰባው ስትጠየቁ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፤ ቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ በመሐል ይቋረጣል። ቴሌግራም ላይ ትክክለኛ መልስ ያለው የምርጫ ጥያቄ መሥራት ይቻላል፤ ሰው በተመቸው ጊዜ ይመልሳል፤ መልሱ ሥር አጭር ማብራሪያ ይጻፋል። ያችን ማብራሪያ አትዝለሏት። ሮቢንሰን ጉለሌ እንዳለ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እስከ ጥር 24 ድረስ እያንዳንዳችሁ አምስት ጥያቄ አዘጋጁ። ሁለቱን ከመጽሐፍ አውጡ፤ ሁለቱን ከባልደረባችሁ ሀገር ታሪክ አውጡ፤ አንዱን ግን ከዚህ አውጡ። የአርበኛ ልጅ የሆኑ አዛውንት በየቤታችሁ አሉ፤ ስለ ባሶ ገበያ ከአያቶቻቸው የሰሙም አሉ፤ ሂዱና ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁን ከማን እንደሰማችሁት ጨምራችሁ ጻፉ። የቋንቋ ችሎታ ያላችሁ ለሌሎቻችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱላቸው። መምህራን ደግሞ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ ልጆች የማያዝናና ጥያቄ ቶሎ ያውቃሉ። የሰበሰባችሁትን አምጡልኝ፤ አብረን እናርመዋለን።